«ሰው ወደቀ» ለማለት እምቢ ያለችው ሩቢያ

«እጄ ላይ ቆመሃል።»

ሩቢያ ለታርሚዚ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። አልጮኸችም። ከጀልባ መቆሚያው ጠርዝ ተንበርክካ ገመድ ስታስር፣ እሱ የሚረግጠውን ሳያይ መጥቶ በዚያ ትልቅ የሹፌር ጫማው እጇን ከነገመዱ ረገጠው።

«ውይ፣ ይቅርታ ካክ» አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። እግሩን ግን አላነሳም። ደንግጦ ነው።

«ካክ የምትለኝ በስንት ዓመት በልጬህ ነው? እስቲ መጀመሪያ እግርህን አንሳ፤ ዕድሜውን ከዚያ በኋላ እንቆጥረዋለን።»

አነሳ። ሲያነሳ ሚዛኑን ሳተና የያዘውን ደብተር ባሕር ውስጥ ጣለው። ሩቢያ በመንጠቆ ጎትታ አወጣችለትና እየተንጠባጠበ እጁ ላይ አኖረችው። መሳቅ አምሯት ነበር፤ ግን ጣቷን ላሳበጠ ሰው መሳቅን ኩራቷ አልፈቀደም። ዞር ስትል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩት አሉ።

ይህ የሆነው ቻንጊ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ መንጃ ፈቃድ የሚፈልጉ ሰዎች በሚማሩበት ግቢ ነው። አስተማሪው አንክል ሴንግ ይባላሉ፤ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ፀሐይ ያከሰላቸው፣ ደህና አደራችሁ ሲሉ እንኳ የተቆጡ የሚመስሉ አጭር ሰው። ተማሪዎቹ ስድስት ነበሩ። አራቱ የቢሮ ወንዶች ናቸው፤ ፈቃዱን የፈለጉት የጓደኛ ጀልባ ተውሰው ሴት ጭነው ለመፎከር ነው። ታርሚዚ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ያላገባ። ትምህርቱ የደረሰው በመሥሪያ ቤቱ የበዓል ዕጣ ነው። አንደኛው ዕጣ ቴሌቪዥን ነበር፤ እሱ ሁለተኛውን አወጣ። ባሕር ያመጣው ሌላ ምክንያት የለም።

ሩቢያ ግን ለጨዋታ አልመጣችም። የኡቢን ደሴት ልጅ ናት፤ ከቻንጊ ማዶ የምትታየው። አባቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትተው የሄዱት አንዲት ነጭ ሞተር ጀልባ ነው። ሩቢያ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው መሪዋን ስትይዝ አድጋለች፤ ያኔ ማንም ወረቀት አልጠየቃትም። አሁን ግን ወረቀት ያለው ሰው ከቤቱ ጠፋ። ታላቅ ወንድሟ ሮስማን ቢሮ ተቀምጦ ያወፈረው ሆድ መሪ አያስጨብጠውም። እሱም ቀን ቆረጠ፦ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ፈቃድ ካላወጣ፣ ጀልባዋ ቆማ ከምትበሰብስ ለሚፈልጋት ሰው ትሸጣለች። ሮስማን ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል።

ጀልባዋ ከሄደች ሩቢያ እናቷ ቤት የምትደርሰው በሕዝብ ማመላለሻው ጀልባ ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ሰው እስኪሞላ አይነሳም። የተወለደችበት ቤት ለመግባት ከጎብኚ ጋር ተሰልፋ አሥራ ሁለተኛውን ሰው ልትጠብቅ ነው። ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል።

እንዲያውም መቀመጥ የሚባል ነገር ካቃታት ቆይቷል። ከተማው ውስጥ ታምፒኒስ በሚባል ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስፌቱን ከመሃል ትታ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ ፎቅ ነው። እያወቀች ታያለች።

ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ ግን መስኮት የምትከፍተው ቅዳሜን እየቆጠረች ሆነ። ለራሷ «የጀልባው ነገር ነው» አለች። ሰው ራሱን ሲያታልል ቃሉ እንዲህ አጭር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሩቢያ ንባብ ይከብዳታል፤ ለጽሑፍ ፈተናው ደግሞ የመብራቱን፣ የጡሩምባውን፣ ማን ለማን ያሳልፋል የሚለውን ሁሉ ማጥናት ግድ ነው። ታርሚዚ ሕግ በማጥናት የሚስተካከለው የለም። ከትምህርቱ በኋላ ባሕር ዳር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው እያነበበ ያስረዳታል፤ እሷ ደግሞ የገመዱን አስተሳሰር እጁን ይዛ ታሳየዋለች። ሻዩን ያዝዝና አይነካውም። ምግብም አይበላም። ቆጣቢ ነው መሰለኝ ብላ በሆዷ ናቀችው፤ ቆየት ብላ ደግሞ መናቁን ተወችው። ስለ ተሳፋሪዎቹ ያወራት ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ፌርማታ ብቻ ተጉዛ «ልጄ፣ ዛሬም አልገደልከኝም፣ ተባረክ» ብላው ስለምትወርድ ባልቴት። ስለ ጀልባዋም አጥብቆ ይጠይቃታል፦ ስንት ሰው ትይዛለች፣ ማዕበል ሲመጣ ትናወጣለች ወይ፣ በጣም ትናወጣለች ወይ። እሷም ጀልባ የሚወድ ሰው አገኘሁ ብላ ደስ እያላት ትመልስለታለች።

ክፉው ነገር የመጣው ከውሃው ልምምድ ነው። ከፈተናው አንዱ፣ ባሕር ላይ የወደቀ ሰው ማንሳት ነው። ቀይ የፕላስቲክ በርሜል ይወረወራል፣ እሱ ሰው ነው ይባላል። ነጂው ወዲያው «ሰው ባሕር ላይ ወደቀ» ብሎ ይጮሃል፣ ከበርሜሉ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ይመድባል፣ ከዚያ ዞሮ በውሃው አቅጣጫ ተቃራኒ ቀስ ብሎ ይጠጋዋል። የሩቢያን አዟዟር ያየ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ በርሜሉን እንደ ሕፃን ታነሳዋለች። ግን አትጮህም። ትንፍሽ አትልም።

«ሩቢያ፣ አፍሽን የት ረስተሽው መጣሽ?» ይላሉ አንክል ሴንግ።

«ይዤዋለሁ አንክል።»

«ፈታኙ ጆሮውን ይዞ ነው የሚመጣው። ዓይኑን አይደለም።»

ምክንያቱን የነገረችው ለታርሚዚ ብቻ ነው። ሩቢያ አብራቸው ያደገችው ዓሣ አጥማጆች ባሕር ላይ ሰው ሲወድቅ አይጮኹም። «ወደቀ» አይሉም፣ ስሙንም አይጠሩም። ባሕሩ ከሰማ ያስቀረዋል ባዮች ናቸው። ዝም ብለህ መሪ ታዞራለህ፣ ዝም ብለህ ታነሳዋለህ፣ የምታወራው ምድር ስትረግጥ ነው። አባቷም እንደዚያ ነበሩ። አሁን ለበርሜል ብላ ያንን ቃል ከአፏ ልታወጣ ስትል መልሳ ትውጠዋለች።

ታርሚዚ አልሳቀባትም። ትንሽ አሰበና፣ ዝም ተብሎም ሳይገኝ የቀረ ሰው የለም ወይ ብሎ ጠየቃት። ያን ቀን ሻዩን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች።

የጽሑፉን ፈተና ሁለቱም አለፉ። የውሃው ፈተና ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጣ። ታርሚዚ ከመቆሚያው ሲወጣ የጀልባውን ጎን አስገጨ፣ ገመዱን ሁለቴ አሰረ፤ ሲጮህ ግን ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ፣ አለፈ። ሩቢያ ሁሉንም እንከን ሳይገኝባት ሠርታ፣ በርሜሉ ሲወረወር ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ፈታኙ «የሚሉት ነገር የለም?» ብሎ ጠየቃት፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው። ራሷን ነቀነቀች። ወደቀች።

ሻይ ቤቱ ተቀመጡ። ሩቢያ የብርጭቆውን አፍ በጣቷ ታዞራለች፣ ትታ ገመድ ታስራለች፣ ትፈታለች። ታርሚዚ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«ወንድምሽ... ከቤተሰቡ አንድ ሰው ነው ያለው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ ፈቃድ አለኝ።»

«እና?»

«እና... ከቤተሰቡ ብሆንስ?»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሮ፣ ሴት የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ስለ ዓይኗ አንድ ቃል የለም፣ ስለ ልቡ አንድ ቃል የለም። እንደ ጠፋ ዕቃ መለዋወጫ ራሱን አቀረበ። ሩቢያ ደግሞ ያን ሰዓት ደግ ጆሮ አልነበራትም። ስለ ጀልባዋ የጠየቃት ጥያቄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት።

«አንተ ጀልባ የለህም፣ እኔ ወረቀት የለኝም» አለችው። «ሂሳቡ ይኸው ነው?»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ...»

«አባንግ ታርሚዚ» አለችው፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ስማኝ። ለጀልባ ብዬ ባል አላገባም። ለጀልባ ብሎ ለሚያገባኝ ደግሞ ገመዷንም አላስነካውም።»

ተነስታ ሄደች። እሱ ተከትሏት አልሮጠም። ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ አፉን በእጁ ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። እሷ ዞር ብላ ያየችው ጀርባውን ነው፤ ልቧን የሰበረውም እሱ ነው። ሌላው ቢቀር ሊለምናት ይገባ ነበር ብላለች።

ቤት ስትደርስ ነገሩን ለሮስማን ብትነግረው፣ ነገር ማብረድ የማያውቅ ወንድም «እና ምን አጣሽ? ሰውየው ሥራ አለው፣ ጀልባዋም ትተርፋለች» አላት። አንድ ሳምንት አላነጋገረችውም። ታርሚዚ በስልኳ «ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል ላከ። አልመለሰችለትም፤ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ከፍታ ታያታለች፣ ሌላ ቃል ትወልድ ይመስል። እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ፈታችው። ምግብ ጥዳ ረሳችው። ከፎቅ ወርዳ ዕቃ ልትገዛ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ቀና በማለቷ ደግሞ በራሷ ትናደዳለች።

የድጋሚ ፈተናው ቀን ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ሆነ። ከዚያ ሌላ ዕድል የለም። ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ለልምምድ ሄዳ ብቻዋን ከአንክል ሴንግ ጋር ወጣች። በርሜሉን አሥር ጊዜ ጣሉላት፤ አሥር ጊዜ በዝምታ አነሳችው። ሽማግሌው ሰለቻቸውና ሞተሩን አጠፉ።

«ያ ሹፌር እንኳን ተገላገለ» አሉ።

ከምን ተገላገለ ብላ ጠየቀች፤ ግድ እንደሌላት ለመምሰል ገመድ እየጠቀለለች።

«ከባሕር ነዋ። አላወቅሽም እንዴ? በየሳምንቱ ከጀልባ ወርዶ ከመጋዘኑ ጀርባ ሲያስመልስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዱ ባዶ እንዲሆን እህል ሳይቀምስ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ቀን፣ ልጄ ይህ ላንተ አልተፈጠረም፣ ተወው አልኩት። እጇን የረገጥኳት ሴትዮ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች ወይ አለኝ። ትመጣለች አልኩት። እንግዲያው እኔም እመጣለሁ አለ።»

ሩቢያ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። ትናወጣለች ወይ፣ በጣም ትናወጣለች ወይ ያለውን አሰበች። ያ ጀልባ የሚመኝ ሰው ጥያቄ አልነበረም። እሷን ካገባ በዚያች ጀልባ ዕድሜ ልኩን ሊሳፈር እንደሆነ ገብቶት፣ የሚጠብቀውን መከራ እየለካ ነበር።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እናቷ ሄደች። ማመላለሻው ጀልባ እሷን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ይዞ ቆሟል። አሥራ ሁለተኛው አልመጣ አለ። ሩቢያ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች፤ በመጨረሻ ከኪሷ አውጥታ የሁለት ሰው ከፈለችና «ሞልቷል፣ ንዳ» አለችው ነጂውን።

እናቷ ማክ ሐስና በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሽሪምፕ ይልጣሉ። ልጃቸው መጥታ ሳትቀመጥ ዙሪያቸውን ስትዞር ዝም ብለው አዩዋት። ሩቢያ አባቷ ባሕር ላይ ለምን ዝም ይሉ እንደነበር ጠየቀች።

«እናቱ ዝም በል ስላለችው ነዋ። ወንድ እናቱ ያለችውን ይዞ ይሞታል።» አንድ ሽሪምፕ ልጠው ጣሉ። «እኔ ወድቄ አውቃለሁ፤ ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። ጀልባዋ ወደ ጎን ስታዘነብል ሄድኩ። ውሃ ውስጥ ሆኜ የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ ይሰማኛል። ይርቃል፣ ይርቃል። ጥሎኝ ሄደ አልኩ። ለካ እየዞረ ነው።»

«መጣልሽ አይደል?»

«መጣ። ሲያወጣኝ በጥፊ መታሁት። መጣሁልሽ እኮ፣ ምን አጠፋሁ ይለኛል። በምን ልወቅ? አንድ ቃል አላለኝም። አንድ ጊዜ ሐስና ቢለኝ ኖሮ...» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ባሕር ይሰማል ይላሉ። ውሃ ውስጥ ያለውም ሰው ይሰማል እኮ።»

ሩቢያ ተቀመጠች። ስንት ሳምንት ሆኗት ነበር እንደዚያ ከተቀመጠች።

በፈተናው ቀን ነፋስ ነበር። ያው ፈታኝ፣ ያው በርሜል። በርሜሉ ተወረወረ። እጇ ራሱ መሪውን ሊያዞር ጀመረ፤ በዝምታ። በዚያች ቅጽበት በርሜሉን ሳይሆን፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሞተሩን መራቅ የሚሰማ ሰው አየች። አፏን ከፈተች።

«ሰው ባሕር ላይ ወደቀ! አይተንሃል፣ መጣንልህ!»

የኋለኛው ቃል በፈተናው ደንብ የለም። ፈታኙ እስክሪብቶውን ጣለ፣ ከወለሉ አነሳው፣ ጻፈ። አለፈች። ሮስማን በስልክ ሲሰማ ደስ አለው፤ ቃሉን አጥፎ ከማያውቀው ሰው አፍ «እኔም እንዳትሸጥ እጸልይ ነበር» የሚል ወጣ። ጀልባዋ ቀረች።

ሩቢያ ግን ከፈተናው ልብሷን ሳትቀይር ከፌርማታ ቆመች። የታርሚዚን መስመር ታውቃለች፣ ሰዓቱን አታውቅም። ሦስት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ከፌርማታው ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰች። በአራተኛው በሩ ሲከፈት እሱ ነው። አያት። ከኋላዋ ሕዝብ ይገፋል። ሹፌር ማናገር ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊቷ ተለጥፏል። እሱ ደንብ አክባሪ ነው፤ እሷም እሱን ታውቀዋለች። እስከ መጨረሻው ፌርማታ አርባ ደቂቃ አጠገቡ ቆማ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በመስተዋቱ ግን ስንት ጊዜ ተያዩ፤ አንዴ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳይንቀሳቀስ ቀርቶ ከኋላ ተጮኸበት።

ሰዉ ሁሉ ወረደ። ሞተሩን አጠፋ።

«ወረቀቴን አወጣሁ» አለችው።

«ሰምቻለሁ። አንክል ሴንግ ደወሉልኝ።»

«እንግዲህ ያንተ ወረቀት አያስፈልገኝም። ጀልባዋንም አላስነዳህም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከልቡ ነው።

ሳቀች። እጇ በተረገጠ ቀን ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ጠፋባት።

«ያስመልስህ ነበር አሉ። ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ የባሕር ልጅ ነሽ። ባሕር የሚያስመልሰው ሰው... ምን ብሎ ይነግርሻል?»

«ሻይ ቤቱ ጥለኸኝ የሄድከውስ?»

«ልከተልሽ ነበር። ሆዴ አልፈቀደም።»

ሩቢያ የአውቶቡሱን ምሰሶ በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች። «ቅዳሜ እስኪደርስ መቀመጥ ያቃተኝ በጀልባው አልነበረም። ባንተ ነው። አሁንም ባንተ ነው። ወረቀት ሳይጠይቁህ ከቤተሰቡ ትሆናለህ ወይ?»

ታርሚዚ የቆመውን አውቶቡስ መሪ ጨበጠ። ዓይኑ ሞልቶ ነው። ከዚያ ሠርጉ የት እንደሚሆን ጠየቀ። ደሴቱ ላይ፣ እናቴ ቤት አለችው። ማዶ ማዶውን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ እሺ አለ።

የጋብቻው ኒካ ኢድ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ሆነ። ያን ቀን ባሕሩ እንደ ተቆጣ በሬ ነበር። የሙሽራው ወገን ከበሮውን ይዞ ደረሰ፤ ሙሽራው ግን ወርቀ ዘቦ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሁለት ሚዜ ተደግፎ ነው የወረደው። ምንጣፉ ላይ ሲያስቀምጡት ቃዲው አዩት፤ ዙሪያውን አዩ፤ እንደገና አዩት። እጁን ይዘው ጠጋ አሉና በለሆሳስ ጠየቁት፤ ድምፃቸው ግን እስከ ሴቶቹ ክፍል ተሰማ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማን አስገደደህ?»

ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሩቢያ ይህን ሰምታ ፊቷን በመሀረብ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሏቸው አሮጊቶቹ አጽናኗት።

«ማንም ኡስታዝ» አለ ታርሚዚ። «ለዚህች ሴት ሰባት ወር ሙሉ በፈቃዴ ሳስመልስ ነው የኖርኩት።»

ቃዲው ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ደበቁ። የኒካውን ቃል በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቋረጥ ማለት አለብህ አሉት። ታርሚዚ ዓይኑን ጨፈነና ብሎ ጨረሰው፤ ሁለተኛ አፉን መክፈት ፈርቶ ይሆናል፣ ምስክሮቹ ግን እንደዚያ ጥርት ብሎ የተነገረ ሰምተን አናውቅም አሉ።

ማታ የእሱ ወገን ሲመለስ፣ ማክ ሐስና አማቻቸውን አላስነሱትም። ባሕሩ እስኪበርድ ይቆይ አሉ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጄ ባሏን ገድላ ልትመልሰው ነው ወይ አሉ። ታርሚዚም ቆየ። ሩቢያ ከአጠገቡ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ወዴትም ሳትነሳ ዋለች። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አይቷል።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። ባሕሩ ግን የበረደው በሁለተኛው ቀን ነው።